ትንሹን ፎቶግራፍ ለግድግዳ አጉልቶ ስለ ማሳተም

የሞተውን አባት ወይም የቀድሞውን መምህር ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሞ በግድግዳ ላይ መስቀል በወሎም እንደ ሌላው አገር ሁሉ የተለመደ ሆኖአል። ሰው በስልኩ ያለውን ሥዕል ይዞ ከየወረዳው ወደ ደሴ ይመጣና ፒያሳ ካለው ማተሚያ ሱቅ ገብቶ «አጉልታችሁ አትሙልኝ» ይላል። የሚቀበለው ግን አንዳንድ ጊዜ እንደ ጉም የደበዘዘ፣ ዐይንና አፍንጫው የማይለይ ፊት ነው። አታሚውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ከሱቁ ሳይደርስ የተሠራ ነው።

የዲጂታል ካሜራ ሥዕል እንደ መሶብ ስፌት ከተቈጠሩ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ነጥቡም ፒክሰል ይባላል፤ እያንዳንዱም አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል። ሥዕሉ ሲጐላ ነጥቡ ይሰፋል እንጂ ቍጥሩ አይጨምርም። 24 ሚሊዮን ነጥብ የሚያነሣ ካሜራ በወርዱ 6000፣ በቁመቱ 4000 ነጥብ አለው። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ሥዕል በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል፤ 6000 ለ300 ቢካፈል 20 ኢንች፣ ይኸውም 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ በላይ አይጐላም ማለት ግን አይደለም፤ ትልቅ ሥዕል ከሩቅ የሚታይ ነውና። ጤናማ ዐይን በ2 ሜትር ርቀት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሱ ነጥቦችን ለይቶ ለማየት ይቸገራል። ስለዚህ 6000ው ነጥብ በ3 ሜትር ወርድ ላይ ቢዘረጋ እንኳ ከ2 ሜትር ለሚያየው ሰው ጥሩ ሥዕል ነው። ይህ ሒሳብ ለማካፈል ትምህርትም መልካም ልምምድ ይሆናል።

ጥፋቱ የሚመጣው ከአላላኩ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶግራፍ የተላከ ሥዕል በመንገድ ይቀንሳል፤ 6000 የነበረው 1280 ነጥብ ሆኖ ቢደርስ፣ በዚያው 3 ሜትር ላይ አንዱ ነጥብ ከ2 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በፋይል መልክ መላክ፣ ያለዚያም ሥዕሉ ያለበትን ስልክ ራሱን ይዞ መሄድ ይገባል።

ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙበት በ2014 ዓ.ም. ቤታቸው ከተዘረፈባቸው ሰዎች መካከል የሟች ዘመዱ መልክ በአንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ የቀረለት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለችው በስልክ ከመነሣት ይልቅ በስካነር፣ በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ብትገለበጥ ይሻላል። ቁመቷ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1900 ያህል ነጥብ ትሰጣለች፤ ወረቀቷ ጥራት ካለውም ለ1 ሜትር ሥዕል ትበቃለች።

የጐደለውን በግምት የሚሞላ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል ፕሮግራምም ዛሬ አለ። ለተራራና ለልብስ ይጠቅማል፤ በፊት ላይ ግን ከሌሎች ሰዎች መልክ የተማረውን ስለሚጨምር፣ ሥዕሉ ጥርት ብሎ የሌላ ሰው መልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ሳይታተም በፊት ዐይንና አፍንጫውን የያዘ ቍራጭ በሙሉ መጠኑ ይታተምና በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሟቹን የሚያውቁ ሽማግሎችም 2 ሜትር ርቀው ይዩት። «እርሱ አይደለም» ካሉ፣ ያልተነካውን ሥዕል አሳንሶ ማሳተም ይሻላል።