አጭር ሐረግ ጽጌረዳ በሁርሶ ግቢ

በኛ ትምህርት ክፍል ጽጌረዳ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ግሪንሃውስ ነው፤ ዝዋይ፣ ሰበታ፣ ሆለታ። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ከፍታው ከ1,600 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ይመረጣል ብለን በደብተራችን ጽፈናል። እኔ ደግሞ የሁርሶ ልጅ ነኝ። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለች ቆላ ስትሆን ብዙ ሰው የሚያውቃት በወታደር ማሰልጠኛዋ ነው። ድሬዳዋ ራሷ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በደብተሩ ከሄድን ለእናቴ ግቢ ጽጌረዳ የሚባል ነገር የለም።

ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ደብተሩ የሚያወራው ለኤክስፖርት ስለሚመረት አበባ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግንዱ ይረዝማል፣ እንቡጡም ይተልቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ አበባው ቶሎ ደርሶ ትንሽ ይሆናል። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አበባው ቢያንስ ምን ቸገረው? ተክሉ መኖሩ ነው ዋናው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ጽጌረዳ ገድዬ ሁለተኛውን ካዳንኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን የገደልኩት ሙቀቱን ብቻ ተጠያቂ በማድረጌ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ዓይነቱ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ከበሩ እስከ ማጀቱ አሥር እርምጃ አይሞላም። ትልልቆቹ ሐረግ ጽጌረዳዎች 4 እና 5 ሜትር ስለሚወጡ ለእንዲህ ያለ ቦታ አይሆኑም። የኛው ቀጋ እንኳ፣ በሞቃታማው አፍሪካ አገር በቀል የሆነው ብቸኛ ጽጌረዳ፣ ሲመቸው ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ያውም የደጋ ነው። ለጠባብ ግቢ የሚሆነው ግንዱ ከ2 ሜትር ብዙ የማያልፍ፣ ቅጠሉም አበባውም አነስ ያለ ዓይነት ነው። እንዲህ ያሉትን በማዳቀል ስማቸው ከሚነሳው መካከል እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 2009 የኖረው አሜሪካዊው ራልፍ ሙር እና እንግሊዛዊው ክሪስ ዋርነር ይገኙበታል። ሙር የሠራው በካሊፎርኒያ ቫይሴሊያ፣ በጋው ደረቅና ሞቃት በሆነ አገር መሆኑ እኔን አበረታቶኛል። እኛ ጋ ችግኝ ሲገዛ ስም አይለጠፍበትም፤ በዓይን ነው የሚመረጠው። ግንዱን ቀስ ብላችሁ አጉብጡት፤ ሳይሰበር የሚታዘዝ ከሆነ፣ ቅጠሉም ደቃቅ ከሆነ፣ እሱን ውሰዱ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። የመጀመሪያዋን ችግኝ በምዕራብ በኩል ባለው የቆርቆሮ አጥር ሥር ተከልኳት። ከሰዓት በኋላ ያ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። በሁለተኛው ወር ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ውሃ ጠምቷት ነው ብዬ ውሃ ጨመርኩ። ባሰባት። ደግሞ ጨመርኩ። እናቴ ጀሪካኑን እያየች «አቦ ተዋት፣ ሰው የሚጠጣውን ነው እኮ የምታፈሰው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ቤት አበባ ማጠጣት በራሱ ጥያቄ ነው፤ እኔ ደግሞ በተገዛ ውሃ መርዝ እየሰጠሁ ነበር።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ አንድ አይደለም። ናይትሮጅን ሲያንስ የሚቀድመው ከሥር ያለው አሮጌ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉም ሙሉ በሙሉ ይገረጣል። የኔዋ ግን ከላይ፣ ከለጋው ቅጠል ነበር የጀመራት፤ ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው መሃል ለመሃሉ ቢጫ። ይህ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ አይደለም። ያካባቢያችን ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ኖራ ይበዛበታል። ድሬዳዋ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ያው ኖራ ድንጋዩ ስላለ ነው። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ብታዩ ነጩን ቅርፊት ታገኙታላችሁ። በዚህ ውሃ ደጋግሞ የጠጣ አፈር ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ብረቱም ሥር ሊወስደው በማይችለው መልክ ይታሰራል። አፈሩ ሁልጊዜ ርጥብ ከሆነ ደግሞ ሥሩ አየር ያጣና ነገሩ ይብሳል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

ሳትሞት በፊት ሦስት ቁራጭ ወስጄ በጥላ ሥር በአሸዋ ውስጥ ተክዬ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሥር ሰደደ። ይቺን በምሥራቅ በኩል፣ ጠዋት ፀሐይ አግኝታ ከሰዓት ቤቱ ጥላ በሚያጠላባት ቦታ አደረግኳት። ጉድጓዱ 50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በደንብ የበሰበሰ የፍየል ፍግ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆበታል። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል፣ ጨውም አለው። ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አራቅኳት፤ ላዩን ደግሞ አፈሩ እንዳይደርቅ ገለባ ጎዘጎዝኩበት።

ውሃውን በተመለከተ መላው ጣሪያችን ላይ ነበር። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል ማለት ነው፤ የሚፈነጥቀውና የሚተነው ሲቀነስ ትንሽ ይጎድላል። የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም። ጽጌረዳዋ ሥር ከሰደደች በኋላ በሞቃቱ ወራት የምሰጣት በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። በርሜሉ ሲያልቅ የልብስ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ እንጠቀማለን። የሳሙናው ግን አይሆንም፣ ሶዲየሙ አፈሩን ያበላሻል። እናቴ የቡና አተላ ታፈስላታለች፣ «ኖራውን ይቆርጠዋል» ትላለች። አተላው የሚታሰበውን ያህል አሲድ አይደለም፣ ኖራ አይቆርጥም። ለአፈሩ ብስባሽ ስለሚሆን ግን ዝም ብያታለሁ። የብረት ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ኢዲዲኤችኤ የሚባለውን ዓይነት ይጠይቅ፤ ኢዲቲኤ የሚባለው ኖራ በበዛበት አፈር ቶሎ ከጥቅም ውጪ ይሆናል።

ስለ ማንጠላጠል የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤታችን ነው፤ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ በራቸው ላይ ያለውን ቡገንቪሊያ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ጽጌረዳዬን ቀጥ አድርጌ በእንጨት ሳስር አይተው «አስጎንብሳት እንጂ፣ እንዲህ አቁመሃትማ ለሰማይ ነው የምታብበው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ምክንያቱን እኛ በክፍል ተምረነዋል። ከግንዱ ጫፍ የሚወርደው ኦክሲን ከታች ያሉትን ቡቃያዎች ያፍናቸዋል። ግንዱ ወደ አግድም ሲጋደም አፈናው ይላላና በየመገጣጠሚያው ቅርንጫፍ ይወጣል፣ በየቅርንጫፉም አበባ። ጽጌረዳ እንደ ወይን መጠምጠሚያ የለውም፣ በእሾሁ ብቻ ነው የሚደገፈው፤ ስለዚህ መታሰር አለበት። ሁለት እንጨት ተክዬ በመካከላቸው ሦስት መስመር ሽቦ ወጠርኩ። ግንዱን በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ፣ በ8 ቁጥር ቅርጽ፣ ላላ አድርጌ አሰርኩ። ሽቦው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ነፋስ ካላለፈበት ቀይ ሸረሪት ይፈላበታል። ሙቀት፣ ደረቅ አየርና አቧራ ለቀይ ሸረሪት ሠርጉ ነው። የቅጠሉን ጀርባ በጠዋት በውሃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ደረቅ አገር መሆናችን የጠቀመን በአንድ ነገር ነው፤ ርጥብ ቅጠል የሚፈልገው የጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ብዙ አያስቸግረንም።

ገረዛን በተመለከተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዋናዎቹን ግንዶች አትንኳቸው፤ የደረቀውን ብቻ አውጡ። ከዚያ በኋላ አብበው የጨረሱትን የጎን ቅርንጫፎች ከሁለት ወይም ከሦስት ቡቃያ በላይ ቁረጡ።

ባለፈው ኅዳር ሽቦው ላይ በአንድ ጊዜ አሥራ አንድ አበባ ቆጠርኩ፤ ሮዝ ቀለም፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም የማይበልጡ። እናቴ አንዱን ቆርጣ ረከቦቱ ላይ አኖረችው። ጥር ላይ በርሜሉ ባዶ ሆነና ውሃውን በሳምንት ወደ አሥር ሊትር ቀነስን፤ ቅጠሏን አራገፈች፣ ግንዷ ግን አረንጓዴ ነው። እስከ መጋቢት ዝናብ አልገርዛትም፣ ማዳበሪያም አልሰጣትም። እናቴ ጎረቤት አሮጌ በርሜል ይሸጣል ወይ ብላ መጠያየቅ ጀምራለች።