አይጥን መግደል ተፈቅዷል፤ ማሠቃየትስ?



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ በዚህ እትም የመረጥነው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ስለ አይጥ ነው። እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር። ነገር ግን በሐለቃችን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ተከራክረንበት ሳንስማማ ስለተነሣን፣ ኪታቦቹን ገልጠን፣ ዑስታዞችንም ጠይቀን የደረስንበትን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ነገሩ የተጀመረው ሉማሜ፣ እኛ ቤት ነው። ሉማሜን ለማታውቁ፣ ዐባይን ተሻግራችሁ ደጀንን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ጤፍ አገር ነው። አውድማው ሲያልቅ እህሉ ወደ ቤት ይገባል፤ አይጥም እህሉን ተከትላ ትገባለች። የእኛ ጎታ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ስለዚህ እናታችን እህሉን የምታስቀምጠው በጆንያ ነው። በዓመቱ አጋማሽ ለዕረፍት ስንገባ ሦስት ጆንያ ከሥሩ ተበሳስቶ፣ ጤፉ ወለል ላይ ፈስሶ፣ የአይጥ ኩስ ተቀላቅሎበት አገኘን። እናታችን ብዙ አልተናገረችም። ከመቀነቷ ብር ፈታ «ሂዱና መርዝ አምጡልኝ» አለች።

ገዝተን መጣን። በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ግራጫማ ጥቁር ዱቄት ነው። ስም የለበትም፣ የአጠቃቀም መመሪያም የለውም። በእንጀራ ፍርፋሪ ለውሰን ጥጋጥጉ ላይ አስቀመጥን። በማግስቱ ሁለት አይጦች ሞተው አገኘን፤ ደስም አለን። በሦስተኛው ቀን ግን የጎረቤታችን ድመት አጥራችን ሥር አረፋ ደፍቃ ሞታ ተገኘች። እኒህ ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ «እማማ» እያልን ከእቅፋቸው ሳንወርድ ነው ያደግነው። ብቻቸውን ስለሚኖሩ ድመቷ ጓዳቸውንም እሳቸውንም ጠባቂ ነበረች። ሄደን «እማማ፣ የእኛ መርዝ ነው» ስንላቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንኳንም ሕፃኗ አልነካችው» አሉን። የመጨረሻዋ እህታችን ሦስት ዓመቷ ነው። ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትከትበት ዕድሜ ላይ ናት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

ግቢ ተመልሰን ይህን በሐለቃ ስናነሣ ክርክሩ ተነሣ። አንድ ወንድማችን «አይጥ እንድትገደል ከታዘዘባቸው ከአምስቱ ናት፤ በምን እንደምትገደል መጨነቅ ቅንጦት ነው» አለ። አንዲት እህታችን ደግሞ «ነፍስ ናት። አላህ በሱረቱል አንዓም ቁጥር 38 ላይ በምድር የሚሄዱት ሁሉ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ነግሮናል። በሳጥን ይዞ ሜዳ መልቀቅ ነው ያለብን» አለች። ለእኛ ሁለቱም የሐቁን ግማሽ የያዙ መሰለን።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሐረም ክልል ውስጥም ከሐረም ውጭም ሊገደሉ የሚችሉ አምስት እንስሳትን ቆጥረዋል፦ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጊንጥ፣ አይጥና ተናካሽ ውሻ። መካ ውስጥ ሣር መንጨት፣ አደን ማባረር እንኳ የተከለከለ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ከባድ ፈቃድ ነው። አይጥ በሌላ ሐዲስ «ፉወይሲቃ» ተብላ ተጠርታለች፤ ትንሿ አመፀኛ እንደማለት ነው። ዑለሞች ሲያብራሩ ከጉድጓዷ ወጥታ ሰውን ስለምትጎዳ ነው ይላሉ። ስለዚህ አይጥ ቤቱ ገብታበት የገደለ ሰው ወንጀል አልሠራም። እናታችን የልጆቿን ቀለብ መጠበቋ መብቷ ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቷም ነው። ከተማ ተቀምጦ፣ እህል ከሱቅ በኪሎ እየገዛ ስለ አይጥ ርኅራኄ ገበሬን የሚገሥጽ ሰው እኛን አያሳምነንም።

እዚህ ላይ ግን ሁለተኛው ሐዲስ ይመጣል። ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገበው ነው። አላህ በነገር ሁሉ ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ የሚገድል ሰው አገዳደሉን እንዲያሳምር፣ የሚያርድም ቢላውን ስሎ እንስሳውን እንዲያሳርፍ ያዛል። ልብ በሉ፣ ትእዛዙ የመጣው መግደል ለተፈቀደበት ቦታ ነው። መግደል ባልተፈቀደበት አገዳደል ማሳመር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «መገደሏ ስለተፈቀደ በምንም ይሁን» የሚለው የወንድማችን አባባል እዚሁ ላይ ይወድቃል። ፈቃዱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ የአደብ ጥያቄውም ይጀምራል።

በልጅነታችን ሉማሜ ላይ ያደረግነውን ብንደብቅ ውሸት ይሆንብናል። አይጥ በወጥመድ በሕይወት ከተያዘች ነጭ ጋዝ አርከፍክፈን፣ ክብሪት ጭረን ስትሮጥ እናይ ነበር። ትልልቆቹም ይስቁ ነበር። አቡ ዳውድ በዘገበው ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው ያቃጠሉትን የጉንዳን መንደር ባዩ ጊዜ፣ በእሳት መቅጣት ለእሳት ጌታ ብቻ የተተወ መሆኑን ተናግረዋል። ይህን ሐዲስ መድረሳ ተምረነዋል። ከመድረሳ ወጥተን ነው ክብሪቱን የጫርነው።

ከመንገዶቹ አንድ በአንድ እንመልከት። በቅርቡ ሱቆች የሚሸጡት ማጣበቂያ አለ፤ ካርቶን ላይ የተቀባ ሙጫ ነው። በጣም ርካሽ ስለሆነ ዶርም ውስጥም አይተነዋል። አይጧ እግሯ ተጣብቆ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ትጮኻለች፤ ቆዳዋ እስኪላቀቅ ትታገላለች፣ በመጨረሻም በውኃ ጥምና በድካም ትሞታለች። ተማሪውም ማየት ስለማይፈልግ እንዳለች ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይጥላታል። ኒውዚላንድ ሽያጩንና አጠቃቀሙን የገደበችው፣ እንግሊዝም በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት የከለከለችው በዚሁ ሥቃይ ምክንያት ነው። ሐዲሱ እጃችን ላይ እያለ በዚህ ጉዳይ ከሌላው ኋላ መቅረታችን ያሳፍራል።

ቀጥሎ መርዝ ነው። እኛ የገዛነው ስም የለሽ ዱቄት መልኩንና ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለውን ሽታውን ስናስታውስ ዚንክ ፎስፋይድ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ነገር ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይፈጥራል፤ የሚገድለውም ጋዙ ነው። ለሰውም ለድመትም ያው ነው፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚጨመረው ክኒንም አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ የአየር እርጥበት ብቻ ሲያገኝ ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ቤተሰባችሁ እህልና መኝታ በአንድ ክፍል ከሆነ ይህን ደውላችሁ ንገሯቸው፤ የጽሑፉን ሌላ ክፍል ብትረሱት ቅር አይለንም። ሌላው ዓይነት መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። አይጧ በልታው ወዲያው አትሞትም። ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጧ እየደማ ትቆያለች። በዚህ መሀል የበላቻት ድመት ወይም ጉጉት መርዙን አብራ ትወስዳለች። አገራችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል፤ እኛ ቤት የተመታችው የእማማ ድመት ናት።

ድመት በኢስላም ያላትን ቦታ ታውቃላችሁ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) የውዱእ ውኃቸውን ለድመት ዘንበል አድርገው ካጠጡ በኋላ፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚዘዋወሩት መሆኗን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናግረዋል። አይጥ ለማጥፋት ብለን አይጥ አጥፊዋን ገደልን ማለት ነው።

ባልዲ ውስጥ ውኃ ሞልቶ አይጧ እንድትወድቅበት ማድረግስ? መስጠም ለደቂቃዎች የሚዘልቅ ጭንቅ ነው። ከማጣበቂያው ይሻላል እንጂ ጥሩ አይደለም።

ለመግደል ከተገደድን ለኢሕሳን የሚቀርበው ሞላ ያለው፣ በአንድ ምት አንገት የሚሰብረው ወጥመድ ነው። እሱም አቀማመጥ ይፈልጋል። አይጥ የክፍል መሀል አቋርጣ አትሮጥም፤ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ወጥመዱ ማጥመጃው ወደ ግድግዳ ዞሮ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የለውዝ ቅቤ ከሆነ የሽምብራ ፍሬ ታህል ይበቃል፤ ከበዛ ከዳር ልሳ ትሄዳለች። ሞላው የላላ ወጥመድ እግር ይዞ ያስቀራል፤ ይህ ያልተሳለ ቢላ ማለት ነው። ጠዋት ከሱብሕ በኋላና ማታ ማየት ያስፈልጋል። ቆስላ ከተገኘች በአንድ ጠንካራ ምት ማሳረፍ እንጂ «ራሷ ትሙት» ብሎ መተው አይገባም።

አሁን ወደ እህታችን ሐሳብ እንምጣ። በሕይወት ይዞ መልቀቅ ልባችንን የሳበው እሱ ነበር፤ ሞክረነዋልም። ሁለት ችግር አየንበት። የመጀመሪያው የመርሳት ነው። ሳጥኑን አርብ አስቀምጠን፣ በፈተና ተጠምደን እሑድ ስናየው አይጧ ደርቃ ሞታለች። ድመት አስራ፣ ሳታበላትና ራሷ እንድትፈልግ ሳትለቃት በመቅረቷ እሳት የገባችውን ሴት ሐዲስ የማያውቅ የለም። ነፍሰ ገዳይ ወጥመድ ላለመጠቀም ብለን እሷ የሠራችውን ሠራን። ሁለተኛው፣ «ሜዳ» የምንለው ባለቤት አለው። ሉማሜ ዙሪያ ሜዳ ማለት የሰው ጤፍ ነው። የቤት አይጥ ደግሞ የምትኖረው ከሰው ጋር ስለሆነ፣ ካልሞተች የሌላ ሰው ጓዳ ትገባለች። በራስ ላይ የመጣን ጉዳት ወደ ሌላው ማዞር በፊቅህ መሠረት አይፈቀድም። መልቀቅ የሚያስመሰግነው በየሰዓቱ ለሚያይ፣ የሚለቅበትም ቦታ ማንንም የማይጎዳ ለሆነ ሰው ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? ቀዳዳው ቀረ። ለእኛ በጣም የጣፈጠን የትምህርቱ ክፍል ይህ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማታ ዕቃ እንድንከድን፣ የውኃ አቁማዳ እንድናስር፣ በር እንድንዘጋ፣ መብራትም እንድናጠፋ አዝዘዋል። ለመብራቱ የተሰጠው ምክንያት ያቺው ፉወይሲቃ ናት፤ ክሩን ጎትታ ቤቱን በባለቤቶቹ ላይ ታቃጥላለችና። አቡ ዳውድ ከኢብን ዐባስ እንደዘገበው፣ አይጥ በእርግጥም የተለኮሰ ክር ጎትታ ነቢዩ በተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ጥላ የዲርሃም ያህል ቦታ አቃጥላለች።

ከእኛ መካከል ኤሌክትሪካል የምንማረው ይህን ስናነብ ተያየን። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ካልፋቀችው አፏን ይዘጋባታል። ስለዚህ የሽቦ ፕላስቲክ ትፍቃለች። ፕላስቲኩ ሲላጥ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ብልጭታ ይፈጠራል፤ የሚያልፈው ከረንት ትንሽ ከሆነ ደግሞ ተራው ብሬከር ሳይወድቅ ኮርኒሱ ውስጥ ሲግል ያድራል። ክሩ ሽቦ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

የቤት አይጥ ከ6 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቀዳዳ ትገባለች። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ እሷንም ያስገባል ብላችሁ ያዙት። ድስት የሚፈገፈግበትን ሽቦ ጠቅጥቆ በላዩ ሲሚንቶ መምረግ ነው፤ ጭቃና ጨርቅ ብቻውን ትቦጭቀዋለች። እርግዝናዋ ከ19 እስከ 21 ቀን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፤ ልጆቿም ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ይደርሳሉ። ቀዳዳውን ሳይደፍን ወጥመድ ብቻ የሚያጠምድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲገድል ይኖራል።

ዶርም ያለነው ደግሞ ራሳችንን እንይ። ከቤት የተላከ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በፌስታል አልጋ ሥር ነው ያለው። ረመዷን ሲመጣ ለስሑር የተቀመጠ ተምርና እንጀራ ይጨመርበታል። ከዚያ «ግቢው አይጥ በዛበት» እንላለን። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ወይም ባልዲ ይበቃል። ኩሷን ደረቁን አትጥረጉት፤ አቧራው ይጎዳል። በረኪና በውኃ በጥብጣችሁ አርሱትና በጨርቅ አንሡት። ቅቤ ውስጥ ወድቃ ሞታ ከተገኘች ደግሞ፣ ከመይሙና (ረ.ዐ.) በተላለፈው ሐዲስ መሠረት እሷንና ዙሪያዋን አውጥቶ ጥሎ የቀረውን መብላት ይቻላል፤ ይህ ለረጋ ቅቤ ነው። ለፈሳሽ ዘይት ዑለሞች የተለያየ አቋም ስላላቸው ዑስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ሉማሜ ላይ ያልተጣለው መርዝ ከልጅ መንገድ በራቀ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀብሯል። አባታችን ሁለት ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ የብረት በርሜሎች ገዝቶ ጤፉ ወደዚያ ተገለበጠ፤ በርሜሎቹም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የጎታው ስንጥቅ ተለስኗል። ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ የሚያያቸው ታናሽ ወንድማችን ነው። እናታችን በስልክ እንደነገረችን ከተጠመዱ ወዲህ አራት ይዘዋል፤ ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ባዶ ናቸው። ለእማማ የድመት ግልገል ፈልገን ወስደንላቸዋል። ገና ትንሽ ስለሆነች አይጥ አትይዝም፤ እማማ ግን ከአሁኑ ወተት ከእኛ ቤት እያስመጡ እያጠጧት ነው።

ወላሁ አዕለም።