ከዕፅዋት ወደ ክኒን፦ የደም ስኳርን የሚቀንሱ ውህዶች

ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሜትፎርሚን ነው። የዚህ ክኒን ታሪክ የሚጀምረው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለባህል ሕክምና ይውል ከነበረው ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ ከተባለ ተክል ነው። በተክሉ ውስጥ የሚገኘው ጋሌጂን የደም ስኳርን ቢቀንስም መርዛማ በመሆኑ ተተወ። የእርሱ የኬሚካል ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በ1922 እ.ኤ.አ. በደብሊን በቤተ ሙከራ ተሠራ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በስኳር ሕሙማን ላይ ያገኙትን ውጤት በ1957 ያሳተሙ ሲሆን፣ አሜሪካ መድኃኒቱን የፈቀደችው በ1994 ነው። ሜትፎርሚን በዋነኛነት ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን የስኳር መጠን ይቀንሳል።

የአፕል ዛፍ ቅርፊት

በ1835 የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከአፕል ዛፍ ቅርፊት ፍሎሪዚን የተባለ ውህድ አወጡ። ኩላሊት በቀን 180 ግራም ገደማ ግሉኮስ ከደም ያጣራል፤ በጤናማ ሰው ዘንድ ይህ ስኳር ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ደም ይመለሳል። ፍሎሪዚን ይህን መመለሻ መንገድ ስለሚዘጋ ስኳሩ ከሽንት ጋር ይወጣል። ይሁን እንጂ ውህዱ አንጀት ውስጥ ስለሚፈርስ በአፍ ሲወሰድ እምብዛም አይሠራም። ተመራማሪዎች ቅርጹን አሻሽለው ዳፓግሊፍሎዚንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን ሠሩ፤ እነዚህም ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ውለዋል።

አብሽስ?

በኢትዮጵያውያን ማዕድ የሚታወቀው አብሽ በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያዝለገልገው ጋላክቶማናን በተባለ አሰር ምክንያት ነው። ይህ አሰር የምግብን መፈጨትና የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። አነስተኛ ጥናቶች የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ቢያመለክቱም፣ መድኃኒትን የሚተካ ማስረጃ ግን የለም።

ልዩነቱ ከመጠን ላይ ነው። ክኒኑ የተመዘነና ጉዳቱ የተፈተሸ ሲሆን፣ በቤት የሚዘጋጅ ዕፅ ግን የውህዱ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። አብሽን በብዛት ከኢንሱሊን ጋር መውሰድ የደም ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ደም የሚያቀጥነውን የዋርፋሪንን ኃይልም ሊያበረታ ይችላል። በተለይ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዕፅን ተማምኖ ኢንሱሊን ቢያቋርጥ በቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሕሙም ይህንኑ ለሐኪሙ መግለጽ ይኖርበታል።