ብርጭቆውን መጀመሪያ አስቀምጪው

ነይ እስቲ ወዲህ፣ የኔ ማር። ብርጭቆውን መጀመሪያ አስቀምጪው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጥቁር አንበሳ እየተመላለስሽ እማዬን የምታስታምሚው አንቺ ነሽ፤ ጉብዝናሽን ማንም አይክድሽም። ግን አክስታችን በላስቲክ ቋጥራ የላከችውን ዱቄት ሳትነግሪኝ ልትበጠብጪላት ነበር አይደል? አልተቆጣሁም። ትንሽ ብቻ። ምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ለልብ ነው» ብቻ ነው ያለችው።

ደግሞ «የሀበሻ መድኃኒት ምን ይጎዳል?» እንዳትይኝ። መረንዝን አስቢው። አበባው ነጭ፣ ሽታው የሚያውድ፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁር። አዳኞች እንጨቱንና ሥሩን እንደ ሬንጅ እስኪሆን ቀቅለው ፍላጻ የሚቀቡት እሱን ነው። ውስጡ ያለው ኡዋባይን የሚያጠቃው ልብን ነው፤ ስሙም የመጣው ሶማሌዎች ዛፉን ከሚጠሩበት «ዋባዮ» ነው። ቅጠሉን ለቁስል የሚያዙ አሉ። ሆዴ፣ ክፍት ቁስል ላይ መረንዝ ማድረግ የፍላጻውን ሥራ በእጅ መሥራት ነው! ግቢ የሚያሳምረው ባለ ሮዝ አበባው ኦሊያንደርም ዘመዱ ነው፤ ቅጠሉን አፍልተሽ ስጫት የሚልሽን እንዳትሰሚ።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ቅጠል አይንቁም። እማዬ ለልቧ የምትወስደው ዲጎክሲን ራሱ ዲጂታሊስ ከሚባል ተክል የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ አንዲት አሮጊት ለእብጠት በምትሰጠው መድኃኒት ላይ አስተያየት ተጠየቀ። ከ20 በላይ ቅጠላ ቅጠል የተቀላቀለበት ነበር። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ዲጂታሊሱ መሆኑን ለየ፤ ከዚያ መጠኑን ለማወቅ በሽተኞቹን ሲከታተል ቆይቶ መጽሐፉን ያሳተመው በ1785 ነው። አሥር ዓመት! አንቺ በአንድ ማታ በሻይ ማንኪያ ልትጨርሺው።

ክኒኗ 0.25 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ግራም ጨው አራት ሺህ ቦታ ብትከፍይ አንዷ ናት። የሚያክመው መጠንና የሚመርዘው መጠን እንደ ጎረቤት አጥር ተጠጋግተዋል፤ ስለዚህ ነው ዶክተሯ በየቀጠሮው ደም የምታስመረምራት። የአክስታችንን ዱቄት ማን መዘነው? የክረምቱና የበጋው ቅጠል እንኳ ጉልበቱ አንድ አይደለም።

ሰናመኪም አልፈቅድም። ሆድ ይጠርጋል ብለሽ ትሰጫታለሽ፣ ያስቀምጣታል፣ ከሰውነቷ ፖታሲየም ይወጣል። የሚያሸናት ፉሮሰማይድም እንደዚያው ያስወጣል። ፖታሲየም ሲጎድል ያው የለመደችው ዲጎክሲን፣ ሳትጨምሪበት፣ ይመርዛታል። ይቺን በደንብ ያዢልኝ።

ሽፈራው? ኮንሶዎች እንደ ጎመን ይበሉታል፤ እኔም እወደዋለሁ። ክኒኑን ትቼ ሽፈራው ልጠጣ ካለችሽ ግን እምቢ በያት፣ ታኩርፍ።

አሁን ደግሞ ዓይንሽን እሷ ላይ አድርጊ። እማዬ እንደሆነች አመመኝ አትልም፤ «እርጅና ነው» ነው የምትልሽ። ምግብ ካስጠላት፣ ካቅለሸለሻት፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ቢጫ ከመሰላት፣ ራሷን ካዞራት እርጅና አይደለም። ጠዋት ክኒኑን ከመስጠትሽ በፊት ጣቶችሽን አንጓዋ ላይ አሳርፊና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ60 ካነሰ አትስጫት፤ ዶክተሯ ጋ ደውይ። ራሷን ከሳተች ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወተት አጠጪያት፣ አስመልሻት የሚልሽ ጎረቤት አይጠፋም፤ አመስግነሽ ወደ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ።

በይ ላስቲኩን አምጪው። አትጣይው፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መደርደሪያ ግን አሁኑኑ አንሺው። ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና በቀጠሮዋ ቀን ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አኑሪው። «እስካሁን ወስዳለች? ምን ያህል?» ስትልሽ አፍረሽ አታሳንሺ፣ ልክ ልኩን ንገሪያት። አክስታችንን ለኔ ተዪልኝ፤ ማታ እደውልላታለሁ።