«አንኮንዲሽናሊ»፦ በዋስትና ደብዳቤ ላይ ያለው ቃል ምን ያስከትላል?

በጨረታ ማስታወቂያዎች ላይ «በቅድመ ሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና» የሚል ሐረግ በተደጋጋሚ ይታያል። በእንግሊዝኛ በሚጻፈው የዋስትና ደብዳቤ ይኸው ሐሳብ «አንኮንዲሽናሊ» በሚለው አንድ ቃል ይገለጻል። ቃሉን እንደ ማሳመሪያ ቆጥሮ የሚያልፍ ነጋዴ ግን ኋላ ሊቸገር ይችላል።

«ኮንዲሽን» ቅድመ ሁኔታ ነው፤ «አን» አፍራሽ ነው፤ «ሊ» ደግሞ ቃሉን ተውሳከ ግስ ያደርገዋል። በመሆኑም ቃሉ የሚያጠብቀው «እከፍላለሁ» የሚለውን ግስ ነው። ባንኩ «አንኮንዲሽናሊ እከፍላለሁ» ሲል፣ የተቋራጩ ጥፋት እስኪረጋገጥ አልጠብቅም ማለቱ ነው። ቅድመ ሁኔታ ባለው ዋስትና ግን ጠያቂው አስቀድሞ ጥፋቱንና የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ይኖርበታል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1977 እ.ኤ.አ. የወሰነው ጉዳይ ነው። ኤድዋርድ ኦውን ኢንጂነሪንግ የተባለ ኩባንያ ሊቢያ ውስጥ ግሪን ሀውስ ለመትከል ተዋዋለ። ባርክሌይስ ባንክም ሲጠየቅ ያለ ማስረጃና ያለ ቅድመ ሁኔታ 50,203 ፓውንድ ለመክፈል ለሊቢያው ኡማ ባንክ ቃል ገባ። ገዢዎቹ በውሉ የተጠቀሰውን ዓይነት ሌተር ኦፍ ክሬዲት ባለመክፈታቸው ኩባንያው ውሉን አቋረጠ። የዋስትናው ገንዘብ ግን ተጠየቀ። ኩባንያው ክፍያው እንዲታገድለት ቢያመለክትም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ባንኩ በገባው ቃል ይታሰራል፤ ነጻ የሚያወጣው ባንኩ የሚያውቀው ግልጽ ማጭበርበር ብቻ ነው ተባለ።

ይሁን እንጂ ቃሉ «ያለ ገደብ» ተብሎ መተርጎም የለበትም። የገንዘቡ ጣሪያና ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን እንደተጠበቁ ናቸው። ጥያቄውም በደብዳቤው በተወሰነው መንገድ መቅረብ አለበት። ከሐምሌ 1 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ዩአርዲጂ 758፣ ዋስትናው ለዚህ ደንብ ተገዢ ከሆነና ይህን ካላስቀረ፣ ጠያቂው ውሉ በምን ረገድ እንደተጣሰ በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዛል። ማስረጃ እንዲያቀርብ ግን አያስገድድም።

ባንኩ ከከፈለ በኋላ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ደንበኛው ሒሳብና መያዣ ነው። ተቋራጩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ይከፍላል፤ ኋላ ይከራከራል። ስለዚህ ተጫራች ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ደብዳቤው ላይ ይህ ቃል መኖር አለመኖሩን አይቶ፣ ሥጋቱን በሒሳቡ ውስጥ ቢያስገባ ይበጀዋል።