የኬሚስትሪ ቃላት በስፓኒሽ፦ የአንዲት ፊደል ልዩነት

ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው በስፓኒሽ ቋንቋ የተጻፈ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሲገልጥ ብዙዎቹ ቃላት የሚያውቃቸው ይመስሉታል። ቃላቱ በአብዛኛው ከላቲንና ከግሪክ የመነጩ በመሆናቸው ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ነገር ግን በኬሚስትሪ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ውሁዱም ስለሚለወጥ በግምት ብቻ መጓዝ አያዋጣም። በዚህ ጽሑፍ ቃላትን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ የአሰያየማቸውን ሥርዓት እንመለከታለን። አነባበቡ የላቲን አሜሪካ ነው።

1. የንጥረ ነገሮች ስም

ወርቅ «ኦሮ»፣ ብር «ፕላታ»፣ ብረት «ዬሮ»፣ መዳብ «ኮብሬ»፣ እርሳስ «ፕሎሞ»፣ ድኝ «አሱፍሬ» ይባላሉ። ሃይድሮጅን «ኢድሮኸኖ»፣ ኦክሲጅን «ኦክሲኸኖ» ሲሆኑ፣ ቆርቆሮ ደግሞ «ኤስታኞ» ነው። የእኛ «ኸ» እና «ኘ» እዚህ ላይ ይጠቅሙናል።

ስፓኒሽ ተበዳሪ ብቻ አይደለም። ፕላቲነም ስሙን ያገኘው «ፕላቲና» ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ብር» ማለት ነው። ተንግስተንን በ1783 እ.ኤ.አ. በስፔን፣ በቤርጋራ ከተማ ለይተው ያወጡት የኤልኡያር ወንድማማቾች ናቸው። በስፓኒሽ «ቦልፍራሚዮ» ይባላል።

2. የውሁዶች ስም

ሶዲየም ክሎራይድ በስፓኒሽ «ክሎሩሮ ደ ሶዲዮ» ነው። ቅደም ተከተሉ በግዕዝ «ቤተ መንግሥት» እንደምንለው ነው፤ ባለቤቱ በኋላ ይመጣል።

መድረሻዎቹን እናስተያይ፦

ሰልፋይድ — «ሱልፉሮ»
ሰልፋይት — «ሱልፊቶ»
ሰልፌት — «ሱልፋቶ»

ድኝ ራሱ «አሱፍሬ» ቢባልም ውሁዶቹ «ሱልፍ» ከሚለው ግንድ እንደሚወጡ ልብ ይሏል። ኦክሳይድና ሃይድሮክሳይድ ግን ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው፤ «ኦክሲዶ» እና «ኢድሮክሲዶ» ይባላሉ።

ልዩነቱ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሲድ ሲጨመርበት ሶዲየም ሰልፋይት ሰልፈር ዳይኦክሳይድን፣ ሶዲየም ሰልፋይድ ደግሞ እጅግ መርዛማ የሆነውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ያወጣል። የጠርሙሱን ጽሑፍ አሳስቶ ያነበበ ሰው የሚጠብቀው አደጋ ሌላ፣ የሚደርስበት ሌላ ይሆናል።

3. የቤት ውስጥ ስሞች

በሥርዓቱ የማይደረስባቸው ስሞችም አሉ። «ለኺያ» ማለት በረኪና ነው። «ሳልፉማን» በስፔን ለጽዳት የሚሸጥ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብጥብጥ ነው። ሁለቱ ቢደባለቁ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ስማቸው ግን ይህን አይነግረንም። ስለዚህ እነዚህን በቃል መያዝ ግድ ነው።

4. መልመጃ

የሚከተሉትን ተርጉሙ፦ (ሀ) «ኒትራቶ ደ ፕላታ» (ለ) «ኦክሲዶ ደ ኮብሬ» (ሐ) «ሱልፊቶ ደ ሶዲዮ»

መልስ፦ (ሀ) ሲልቨር ናይትሬት (ለ) ኮፐር ኦክሳይድ (ሐ) ሶዲየም ሰልፋይት። በሦስተኛው «ሰልፋይድ» ብሎ የመለሰ አንባቢ ቁጥር 2ን ደግሞ እንዲያነብ እናሳስባለን።