የድንጋይ ሽበት

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ሊከን ነው። ሊከን ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ የምናየው ግራጫ ወይም ብርቱካንማ ነገር ነው። የድንጋይ ሽበት የሚሉትም አሉ። ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው።

ሊከን ምንድን ነው?
ሊከን አንድ ተክል አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚኖሩበት ነው። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ፈንገሱ ደግሞ ቤት ይሆነዋል፣ እርጥበትም ይይዝለታል።

የት ይገኛል?
ወደ ሐረር ስንሄድ ደንገጎን ስንወጣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል አይደል? ሊከን በቆላም ይኖራል፣ ግን ጉም ያለበትን ደጋ በጣም ይወዳል። በባሌ ተራሮች የአስታ ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ ይታያል።

ናሙናው እንዴት ይቀመጣል?
1. ተመራማሪው ጥቂት ብቻ በቢላ ያነሣል።
2. በወረቀት ከረጢት ያደርገዋል። በፌስታል ከሆነ ይሻግታል።
3. በአየር ያደርቀዋል።
4. ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ ምን ላይ እንደበቀለና የሰብሳቢውን ስም ይጽፋል።

ጽሑፍ የሌለው ናሙና ስም እንደሌለው ደብተር ነው፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ቤት ሄርባሪየም ይባላል። የአገራችን ብሔራዊ ሄርባሪየም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ የተቋቋመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

ምን ይጠቅማል?
ሊከን ሥር ስለሌለው ውኃውንም ምግቡንም ከአየርና ከዝናብ ይወስዳል። ስለዚህ አየር ሲበከል ብዙው ዓይነት ይሞታል። ኒላንደር የሚባል ፊንላንዳዊ ተመራማሪ በ1866 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አንድ መናፈሻ ውስጥ ያገኛቸውን ሊከኖች መዘገበ። ከ30 ዓመት በኋላ ግን ከዚያ ጠፍተው ነበር። ባይመዘግባቸው ኖሮ መጥፋታቸውን ማን ያውቅ ነበር? የተራራ ናሙናም እንዲሁ ነው። ዛሬ ያለውን ካላስቀመጥን ነገ የጎደለውን አናውቅም።

ማሳሰቢያ፦ ሊከን ስታዩ አትፋቁት! አንዳንዱ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም። እናንተ በደቂቃ የፋቃችሁት የብዙ ዓመት ዕድሜ ነው።

የቤት ሥራ፦ በግቢያችን ዛፎችና ድንጋዮች ላይ ሊከን ፈልጉ። ስታገኙ ሳይነኩ ሥዕሉን ሳሉ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፣ ለክበባችን ስጡ። ያላገኘም «አላገኘሁም» ብሎ ቀኑን ይጻፍ፤ እሱም መረጃ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!